ወንጀልን ለመቀነስ የሚደረግ የአጭር ጊዜ የሰፈር ዘመቻ፦ በወሎ ከተሞችና ቀበሌዎች የትኛውን መንገድ እንምረጥ?

በደሴም ይሁን በኮምቦልቻ፣ በወልድያም ይሁን በሐይቅ፣ በአንድ ሰፈር በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሦስት ቤት ሲሰበር ወይም ከሥራ አምሽተው የሚመለሱ ሴቶች ስልካቸውን ሲነጠቁ ነዋሪው ይሰበሰባል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣውም ሐሳብ ‹‹ሮንድ እንውጣ›› የሚል ነው። ሐሳቡ ከቅን ልብ የሚመነጭ ነው፤ በብዙ ቦታም ሠርቷል። ይሁን እንጂ ሮንድ ካሉት መንገዶች አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም። የቀን ኪስ አውላቂን የሌሊት ጠባቂ አይዘውም፤ የተሰረቀ ዕቃ የሚገዛ ሰው እስካለ ድረስም ዛሬ የተያዘውን ሌባ ነገ ሌላ ይተካዋል። ይህ ጽሑፍ የቅሬ፣ ማለትም የዕድር፣ ዳኞች፣ የቀበሌ ኃላፊዎች፣ የቀጠና ፖሊሶችና የሰፈር ሽማግሌዎች ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚቆይ ዘመቻ ለማካሄድ ሲመክሩ፣ በፊታቸው ካሉት መንገዶች የትኛው ለችግራቸው እንደሚስማማ ለመለየት እንዲረዳቸው የተዘጋጀ ነው።

የምናነጻጽራቸው መንገዶች አምስት ናቸው። የመጀመሪያው ነዋሪው በየተራ የሚወጣበት የሌሊት ሮንድ ነው። ሁለተኛው ፖሊስ ከነጋዴዎችና በአካባቢው ከሚውሉ ሠራተኞች ጋር ሆኖ ወንጀል በሚበዛባቸው ጥቂት ቦታዎች የሚያደርገው የእግር ቅኝት ነው። ሦስተኛው አንድ ጊዜ የተሰበረን ቤት ጎረቤቶቹ ተባብረው የሚጠብቁበት፣ በቅሬ በኩል የሚካሄድ ዘመቻ ነው። አራተኛው የተሰረቀ ዕቃ የሚሸጥበትን ገበያ መዝጋት ሲሆን አምስተኛው ደግሞ የሰፈሩን ጨለማና መሸሸጊያ ማስተካከል ነው። በአምስቱም ላይ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ዘመቻው ባለቀ ማግስት ሥራውን ማን ይይዘዋል?

ከምርጫው በፊት ወንጀሉን ማወቅ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ለፖሊስ የተደወሉ ጥሪዎች ሲጠኑ፣ ከጥሪዎቹ ግማሽ ያህሉ የመጡት በከተማዋ ካሉ አድራሻዎች ከ3 በመቶ ብቻ መሆኑ ታወቀ። ቁጥሩ የዚያች ከተማ ነው፤ የነገሩን ባሕርይ ግን ማንም የቅሬ ዳኛ ያውቀዋል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሌብነት በየመንገዱ እኩል አይሠራጭም፤ ሁልጊዜ የሚጠቀስ አንድ ቅያስ፣ አንድ የድልድይ ሥር፣ አንድ የመጠጥ ቤት ጀርባ አለ። ስለዚህ ከዘመቻው በፊት ሁለት ሳምንት ወስዶ በአንድ ደብተር ላይ መዝግቦ መያዝ ከማንኛውም ስብሰባ ይበልጣል፤ የሚመዘገበውም ወንጀሉ የተፈጸመበት ቀንና ሰዓት፣ ቦታው፣ ሌባው የገባበት መንገድና የተወሰደው ዕቃ ነው። የፖሊስ መዝገብ ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ሰው አምስት መቶ ብር ሲሰረቅ ወይም ዶሮ ሲጠፋበት ጣቢያ ሄዶ አያመለክትም። ለቅሬው ግን ይናገራል።

በእኛ አገር ሰዓቱ ከቦታው ያልተናነሰ ነገር ይነግረናል። ቤቶች ባዶ የሚሆኑበት ጊዜ የታወቀ ነው፦ የገበያ ቀን፣ የዓርብ ጁምዓ፣ የእሑድ ቅዳሴ፣ ንጋት ላይ ለሱብሒ ሶላትና ለኪዳን የሚወጣበት ሰዓት። ከሁሉ በላይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው የቀብር ቀን ነው። ቅሬ በቀብር ቀን ከየቤቱ ሰው እንዲወጣ ያስገድዳል፣ የቀረውንም ይቀጣል፤ ሌባው ደግሞ የለቅሶውን ጥሪ እኩል ይሰማል። እኛን ያሰባሰበን ማኅበር ራሱ ቤታችንን ባዶ የሚያደርግበት ሰዓት መኖሩን ሳያዩ የሌሊት ሮንድ መመደብ፣ በሩን ትቶ መስኮቱን እንደመጠበቅ ነው።

ዘመቻው ለምን አጭር ይሁን?

አሜሪካዊው የወንጀል ጥናት ሊቅ ላውረንስ ሸርማን እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናቱ 18 የፖሊስ ዘመቻዎችን መርምሮ፣ በ15ቱ ወንጀል መጀመሪያ ላይ የቀነሰ መስሎ መታየቱን፣ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ በተጎተቱት ውስጥ ውጤቱ ብዙም ሳይቆይ መሳሳት መጀመሩን ገልጿል። በአንዳንዶቹ ግን ዘመቻው ካበቃ በኋላም ወንጀሉ ለተወሰነ ጊዜ ወዲያው አልተመለሰም፤ ሌባው ጥበቃው መነሣቱን እስኪያውቅ ድረስ ይሰጋልና። ከዚህ የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው። ዘመቻው ሳይዳከም መቆም፣ ኃይልን መቆጠብና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሌባው ባልጠበቀው ጊዜ መመለስ ይሻላል። የማብቂያውን ቀን ተሳታፊዎቹ ሊያውቁት ይገባል፤ ስንት ሌሊት እንደሚወጣ የማያውቅ ሰው ቃል መግባት ይከብደዋልና። በድምፅ ማጉያ ማወጅ ግን ለሌባው የቀን መቁጠሪያ መስጠት ይሆናል።

በፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ2009 የተደረገው ሙከራም ይህንኑ ያስረዳል። የኃይል ወንጀል በሚበዛባቸው 60 ቦታዎች ፖሊሶች ለ12 ሳምንታት ያህል በእግራቸው ሲዘዋወሩ፣ ቅኝቱ ካልተደረገባቸው ተመሳሳይ ቦታዎች ጋር ሲነጻጸር ወንጀሉ በ23 በመቶ ቀነሰ፤ ፖሊሶቹ ከተነሡ በኋላ ግን ያ ልዩነት አልዘለቀም። ስለዚህ ‹‹ማን ይይዘዋል?›› ለሚለው ጥያቄ መልሱ ‹‹ፖሊስ ብቻ›› ከሆነ፣ ውጤቱ ፖሊሱ ከተነሣ በኋላ ብዙ አይቆይም።

የሌሊት ሮንድ

የሮንድ ጥንካሬ ከነዋሪው ትውውቅ ይመጣል። በአንድ ቅያስ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ የማን ውሻ ለምን እንደሚጮህ ያውቃሉ። ለሌሊት ቤት ሰባሪ፣ በገጠር ቀበሌዎች ደግሞ ለከብት ስርቆት፣ ይህ ትውውቅ ትልቅ ኃይል ነው። ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም፤ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ የተራ ደብተርና የተረኛ ፖሊስ ስልክ ቁጥር ይበቃል።

ድካሙ ግን እውነተኛ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ሮንድ በብዛት የሚፈለግበት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ደግሞ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት የሚሰብርበት ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ብላ የምትገኝ በመሆኗ ሌሊቱ ይቀላል፤ ነገር ግን በኢንዱስትሪ ፓርኩና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በፈረቃ የሚሠራ ሰው ሌሊቱን ዘብ አድሮ ጠዋት ማሽን ላይ መቆም አይችልም፤ ቢችልም አደጋ አለው። ያለው ሰው ገንዘብ ከፍሎ ምትክ ያቆማል፤ የሌለው ራሱ ይወጣል። ባሏ የሞተባት እናት ወይም አቅመ ደካማ ሽማግሌ ተራቸውን በገንዘብ እንዲክሱ ከተጠየቁ፣ ዘመቻው የሚጠብቃቸውን ሰዎች እያስከፈለ ነው ማለት ነው። ይህ ከመጀመሪያው በስብሰባ ላይ ‹‹እነዚህ ነፃ ናቸው›› ተብሎ በስም መጻፍ አለበት።

እኔ በተሳተፍኩበት አንድ ሮንድ በመጀመሪያው ሳምንት ከተመደቡት ስምንት ሰዎች ዘጠኝ ሆነን ወጥተን ነበር፤ አንዱ ከወንድሙ ጋር መጥቶ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሦስት ቀረን። በዚያው ሳምንት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ‹‹አናውቅህም›› ብለን አንድ ወጣት አቆምን። በግንባታ ሥራ የሚተዳደር፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ በአቅራቢያችን ቤት የተከራየ ሰው ነበር፤ የሚሄደውም ወደ መስጊድ ነው። ከመካከላችን አንዱ ዱላ አንሥቶ ነበርና ሌላው ባይዘው ኖሮ የማይመለስ ነገር ይሆን ነበር። ስለ ሮንድ ሲነሣ የዚያ ወጣት ፊት ሁልጊዜ ይታወሰኛል። ደካማ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ የተቆጣ ሰው በጨለማ ውስጥ ጥሩ ዳኛ አይሆንም፤ የደቦ ፍርድም የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ሮንድን የመረጠ ሰፈር ሦስት ነገሮችን ከመጀመሪያው ሌሊት በፊት መወሰን አለበት። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ማንኛውም ዜጋ ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ እንደሚችል ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ በሥነ ሥርዓት ሕጋችን የታወቀ ነው፤ ይህ መብት ግን ይዞ ማስረከብ እንጂ መምታት፣ ማሰር፣ ቤት መበርበር አይደለም። ሁለተኛ፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ስለሚደነግግ፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ‹‹እስኪያምን ይቀመጥ›› የሚባል ነገር አይኖርም። ሦስተኛ፣ የሰዓት እላፊ በታወጀበት ወይም የትጥቅ ግጭት በቀረበበት ጊዜ ሮንድ ፈጽሞ አይመረጥም፤ በጨለማ የሚንቀሳቀስ ሰው ማን እንደሆነ ለሁሉም ወገን ግልጽ አይሆንምና የሰው ሕይወት ከማንኛውም ንብረት ይበልጣል።

የእግር ቅኝት በተመረጡ ቦታዎች

ችግሩ ንጥቂያ፣ ኪስ ማውለቅና የገበያ ማጭበርበር ከሆነ፣ ዘመቻው ወደ ቦታው መሄድ አለበት። በደሴ ሰኞ ገበያ፣ በመናኸሪያዎች፣ ከአፋር፣ ከኦሮሞና ከአማራ አካባቢዎች ብዙ ሰው በሚገናኝባት የባቲ ሰኞ ገበያ፣ መስከረም 21 በግሸን ማርያም፣ በገና ሰሞን በላሊበላ፣ ሌባው የሚፈልገው ግርግሩን ነው። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ከሌሊት ሮንድ ይልቅ ጥቂት ሰዓት የሚቆይ የእግር ቅኝት ይሠራል።

አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ፖሊስ ቀኑን ሙሉ በአንድ ቦታ መቆም የለበትም። በሚኒያፖሊስ በኋላ የተደረገ የፖሊስ ቅኝት ሙከራ ሲተነተን፣ ፖሊስ በአንድ ቦታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ሲሄድ ከሄደ በኋላ ቦታው ረጋ ብሎ የሚቆይበት ጊዜ ረዝሞ ታይቷል፤ ከዚያ በላይ መቆየት ግን ተጨማሪ ጥቅም አላሳየም። በቂ ሠራተኛ ለሌለው የወረዳ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ አራት ፖሊሶች ሰዓቱን ሳያስገምቱ በመዘዋወር አንድ ገበያ ሊይዙ ይችላሉ።

ከፖሊሱ ጋር የሚሠሩት አጋሮች ግን እንደ ሮንዱ የቅሬ አባላት አይደሉም። በገበያና በመናኸሪያ የሚውሉት ሊስትሮዎች፣ ጫኝና አውራጆች፣ ተራ አስከባሪዎች፣ የባጃጅ ሾፌሮችና ሻይ የሚያፈሉ ሴቶች ናቸው። የተለመደውን ኪስ አውላቂ በመልክ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ራሳቸው ስለሚጠረጠሩና ስለሚገፉ ፖሊስን አያምኑም። ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ከእነሱ ጋር መነጋገር፣ ማንም መረጃ በመስጠቱ ስሙ በአደባባይ እንደማይነሣ ማረጋገጥ፣ ከዚያም ቃልን መጠበቅ ከቅኝቱ ራሱ አይተናነስም።

ድክመቱም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒው ጀርሲ ኒውአርክ ከተማ የእግር ቅኝት በሰፋፊ ሰፈሮች ሲሞከር የነዋሪው ፍርሃት ቀነሰ፣ የወንጀሉ ቁጥር ግን እምብዛም አልተለወጠም። ከፊላደልፊያው ጋር ሲያነጻጽሩት ልዩነቱ ቅኝቱ በጠባብና በተመረጠ ቦታ መሆን አለመሆኑ ይመስለኛል። ሙሉ ክፍለ ከተማን በስድስት ፖሊስ ‹‹መቃኘት›› ሰውን ያረጋጋ ይሆናል፤ ሌባውን ግን አያግደውም። የፍርሃት መቀነስም ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሱቋን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትዘጋ የነበረች ሴት እስከ ሁለት ሰዓት ብትሠራ ገቢዋ ላይ ይታያል። ሁለቱን ግን አንድ አድርጎ ሪፖርት መጻፍ አይገባም።

የተጠቃውን ቤት መክበብ

በእንግሊዝ አገር ሮችዴል ከተማ ኪርክሆልት የሚባል፣ ከ2,000 በላይ ቤቶች ያሉበት ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የቤት ስርቆት እጅግ ስለበዛበት ተጠና፤ አንድ ጊዜ የተሰበረ ቤት እንደገና የመሰበር ዕድሉ ካልተነካ ቤት እጅግ የሚበልጥ መሆኑ ታየ። ሌባው መግቢያውን ያውቃል፣ የቀረውን ዕቃ አይቷል፣ የተሰረቀው እስኪተካም ይጠብቃል። መፍትሔውም ሰፈሩን በሙሉ መጠበቅ ሳይሆን፣ የተሰበረውን ቤትና በዙሪያው ያሉትን ስድስት ያህል ቤቶች ለተወሰኑ ሳምንታት ማስተባበር፣ መዝጊያውን ማጠናከር፣ ሳንቲም የሚጠራቀምበትንና ሌባውን የሚስበውን የመብራት ቆጣሪ ማንሣት ሆነ። የቤት ስርቆቱ በአምስት ወር ውስጥ ከቀድሞው ወደ 40 በመቶ ወረደ፤ በሦስት ዓመት ገደማ ደግሞ በ75 በመቶ ቀነሰ።

ይህን ሳነብ ወዲያው የታወሰኝ ቅሬ ነው። በሌላው የአገራችን ክፍል ዕድር የሚባለው፣ በወሎ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ ደብተር የሚመዘግበው ቅሬ፣ ኪርክሆልት በባለሙያ የገነባውን የጎረቤት ክበብ አስቀድሞ ሠርቶታል። ቤት ሲሰበር ዳኛው በዚያው ቀን የዙሪያውን አምስት ስድስት ቤተሰቦች ይጠራል፤ ለአራት ሳምንት ማን ጠዋት፣ ማን ከሰዓት በኋላ፣ ማን በቀብር ቀን ቤቱን እንደሚያይ ይመደባል። ማንም እንቅልፍ አያጣም፤ ጎረቤት በየሥራው መሀል ዓይኑን ማሳረፍ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ቁልፉን የሚቀይር አናጢ፣ አጥሩን የሚያስጠግን ጥቂት ገንዘብ ከቅሬው ሣጥን ቢወጣ አባላቱ የሚቃወሙ አይመስለኝም፤ ለሞተ ሰው የሚያዋጣ ማኅበር ለተዘረፈ ጎረቤት መዝጊያ መግዣ አያጣም። የቀብር ቀንን በተመለከተ ደግሞ ሁለት አጎራባች ቅሬዎች ተስማምተው፣ አንዱ ለቅሶ ሲወጣ ሌላው ሁለት ሰው ሰፈሩ ውስጥ እንዲያቆምለት ማድረግ ይቻላል። ወጪ የለውም፤ ስምምነት ብቻ ይፈልጋል።

ከአምስቱ መንገዶች ይህን አስቀድማለሁ። የማግስቱን ጥያቄ የሚመልሰው እሱ ነውና፤ ቅሬ ከዘመቻው በፊት ነበረ፣ ከዘመቻውም በኋላ ይኖራል። ፖሊስ ቢቀየር፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር ቢነሣ ዳኛውና ደብተሩ አሉ።

ጉድለቱ አባል ያልሆኑትን መርሳቱ ነው። በአንድ ክፍል የተከራዩ ወጣቶች፣ የፋብሪካ ሴት ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፣ በጦርነቱ ምክንያት የመጡ ተፈናቃዮች በአብዛኛው በቅሬ መዝገብ ላይ የሉም። በሮቻቸው ደካማ ስለሆኑ በስርቆት ይጎዳሉ፤ ስርቆት ሲደርስ ደግሞ ቀድመው የሚጠረጠሩት እነሱ ናቸው። ለዘመቻው ጊዜ ብቻ እንኳ መዋጮ ሳይጠየቁ በስብሰባው እንዲቀመጡና ስልካቸው በዝርዝሩ እንዲገባ ማድረግ የግድ ነው። ይህ ካልተደረገ ጥበቃው በአንዱ ጎረቤት ላይ የሚዞር ዓይን ይሆናል።

የተሰረቀ ዕቃ የሚገዛውን መዝጋት

ስልክ፣ የባጃጅ ባትሪና ጎማ፣ የውኃ ቆጣሪ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ቁራጭ ብረት፣ በገጠር ደግሞ በግና በሬ፣ እነዚህ የሚሰረቁት ገዢ ስላላቸው ነው። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 682 መሠረት በወንጀል የተገኘን ዕቃ መሆኑን እያወቁ መቀበልና መሸጥ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ዘመቻው ግን በክስ መጀመር የለበትም። በመጀመሪያው ሳምንት ፖሊስና የንግድ ጽሕፈት ቤት አሮጌ ስልክና ቁራጭ ብረት የሚገዙትን በሙሉ ሰብስበው፣ ከእንግዲህ የሻጩን መታወቂያ ሳይመዘግቡ እንዳይገዙ ይስማማሉ። ነዋሪው በስልኩ *#06# ደውሎ የሚያገኘውን ባለ 15 አሃዝ መለያ ቁጥር ጽፎ ቤቱ ያስቀምጣል። በከብት ገበያ ደግሞ የማይታወቅን ሻጭ ዋስ መጠየቅ የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ ገበያው ውስጥ ያሉ ደላሎች እንዲያጠብቁት ማሳሰብ ይበቃል። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ መዝገቡን ፖሊስ ይመለከታል፤ ያን ጊዜ ሕጉ ይሥራ።

ይህ መንገድ የሚመረጠው ከደብተሩ ላይ አንድ ዓይነት ዕቃ ደጋግሞ ሲታይ ነው። የተሰረቀው ገንዘብና ወርቅ ብቻ ከሆነ አይጠቅምም። ከባዱ ነገር ገዢዎቹ አንዳንዴ የሰፈሩ የተከበሩ ነጋዴዎች፣ የቅሬው አባላትም መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ ውይይቱን መምራት ያለበት ዳኛው ሳይሆን ፖሊሱ ይሁን።

ብርሃንና አካባቢ

በአጭሩ ላልፈው እችላለሁ፤ ብቻውን ዘመቻ ስለማይሆን። በየቤቱ ደጃፍ አንድ አምፖል ማብራት፣ በቦርከና ወንዝ ዳርና በቅያሶች ያለውን ቁጥቋጦ መመንጠር፣ የፈረሰ አጥር መጠገን ለማንኛውም ሌላ መንገድ አጋዥ ነው። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ግን አምፖል ምንም ስለማይጠቅም በእሱ ላይ ብቻ መተማመን አይገባም።

ከሽማግሌና ከአባጋር የሚወሰደውና የማይወሰደው

ድሮ በአገራችን አውጫጪኝ ወይም አፈርሳታ የሚባል ሥርዓት ነበር፤ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በሙሉ ይሰበሰብና ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ በአንድ ቦታ ይቆያል። ያም በራሱ አጭርና ብርቱ የሰፈር ዘመቻ ነበር። ሁሉም ሰው ነገሩን የራሱ ጉዳይ አድርጎ መቀመጡን ልንወርስ እንችላለን። ስም ሳይጠራ ማንም ወደ ቤቱ አይሂድ የሚለውን ግን ልንወርስ አንችልም፤ ወደ ቤት ለመሄድ ሲባል የሚጠራ ስም ብዙ ጊዜ የደካማው፣ ዘመድ የሌለው ሰው ስም ነው። ዛሬም በዘመቻ ስብሰባዎች ላይ ‹‹ሌቦቹን በስም ጥሩ›› የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን የሚፈቅድ ሰብሳቢ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 20 ይጥሳል፤ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያልተባለ ሰው እንደ ንጹሕ ይቆጠራልና። ጥርጣሬ ያለው ሰው ለፖሊሱ ለብቻው ይንገር።

ሽማግሌዎችና አባጋሮች፣ ማለትም በወሎ ጠብ የሚያበርዱና እርቅ የሚያወርዱ አስታራቂዎች፣ የሚያስፈልጉበት ቦታ ሌላ ነው። ከዘመቻው በፊት በሁለት ሰፈር ወጣቶች መካከል ያለውን ጠብ ማብረድ፣ ከዘመቻው በኋላ የተፈታውን ወጣት ወደ ቤተሰቡ መመለስ፣ የሰረቀው ልጅ ቤተሰብ ለተዘረፈው ካሳ እንዲከፍል ማስማማት የእነሱ ሥራ ነው፤ ከእነሱም የተሻለ የሚሠራው የለም። እርቁ ግን የወንጀል ክሱን አያስቀርም፤ የተያዘው ጉዳይ አስገድዶ መድፈር ወይም ጠለፋ ከሆነ ደግሞ ወደ ሽምግልና መውሰድ ተጎጂዋን ሁለተኛ መበደል ነው። የቤት ውስጥ ጥቃትም በእነዚህ አምስት መንገዶች በአንዱም አይቀንስም፤ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍልን፣ የጤና ባለሙያንና ረጅም ጊዜን ይፈልጋል።

ስለዚህ የትኛው?

ደብተሩ የሌሊት ቤት ሰበራን ካሳየና ሰፈሩ ለስድስት ሳምንት የሚበቃ ሰው ካለው፣ ሮንድ ከጎረቤት ክበብ ጋር ተጣምሮ ይጀመር፤ ሰው ከሌለው ሮንዱ ይቅርና ክበቡ ብቻውን ይሁን። ስርቆቱ በቀን፣ ቤት ባዶ ሲሆን ከተፈጸመ ሮንድ ድካም ብቻ ነው፤ ክበቡና የቀብር ቀን ስምምነቱ ይመረጡ። ችግሩ በገበያ ወይም በበዓል ከሆነ የእግር ቅኝት፤ ስልክና ብረት ከሆነ ደግሞ የገዢዎች ስምምነት ይቅደም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጀመር የሚያምር ዕቅድ ይሆናል፤ ነገር ግን ውጤት ቢመጣ የትኛው እንዳመጣው አይታወቅም፣ ተሳታፊውም በሁለተኛው ሳምንት ይደክማል። ከሁለት በላይ አታጣምሩ።

ውጤቱን ስትመዝኑ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚመዘገበው ወንጀል ቢጨምር አትደንግጡ፤ ሰው ሰሚ ሲያገኝ ቀድሞ ይደብቀው የነበረውን ይናገራልና። ንጽጽሩ ካለፈው ወር ጋር ሳይሆን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ይሁን፤ በአጨዳና በበዓል ሰሞን የሚጨምረው ስርቆት በሌላ ወር ራሱ ይቀንሳል። ዘመቻ ያላደረገውን አጎራባች ቀጠና ቁጥርም አብራችሁ ያዙ። የእናንተ ቀንሶ የእነሱ ከጨመረ ሌባው አጥር ተሻግሯል ማለት ነውና፣ የዚያን ቀጠና ዳኛ ጠርቶ መነጋገር ያስፈልጋል።

በመጨረሻው ሳምንት ቅሬው በመደበኛ ስብሰባው ላይ ግማሽ ሰዓት ይስጥ። ደብተሩ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ስም ግን አይነበብ። ደብተሩን ከዛሬ ጀምሮ የሚይዘው አንድ ሰው ይመረጥ፤ የተረኛ ፖሊሱ ስልክ በእያንዳንዱ ቤት በር ጀርባ መለጠፉ ይረጋገጥ፤ አዲስ ቤት ቢሰበር በዚያው ቀን የሚጠሩት ስድስት ቤቶች ከአሁኑ ይታወቁ። ዳኛውና የቀጠናው ፖሊስ ደግሞ ሁለተኛው ዙር የሚጀመርበትን ቀን ለብቻቸው ተስማምተው በየኪሳቸው ይያዙት።